ድምፅን ለሁለት የከፈለው ሰው፤ ሞቱ የተደበቀው አለን ብሉምላይን

እስኪ አንዴ የጆሮ ማዳመጫችሁን አውጡና ተመልከቱት። አንዱ ላይ «ኤል»፣ ሌላው ላይ «አር» የሚል ፊደል አለ። ግራና ቀኝ ማለት ነው። አብዛኞቻችን አቀያይረን ብንሰካውም ግድ አይሰጠንም። አንዱ ወገን የሞተ ቀን ግን ወዲያው ይገባናል። ዘፈኑ አለ፣ ዘፋኙም አለ፣ ግን የሆነ ነገር ጎድሏል። ክራሩ የት ሄደ? ያቺ ከኋላ የምትቀበለው ድምፅስ?

እኛም የዛሬውን ሰው ያገኘነው በሞተ ወገን ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህን ገጽ የምናዘጋጅ ልጆች አዋጥተን ከምናለሽ ተራ አንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ገዛን። ሳጥኑ ያማረ፣ የእንጨቱ ቀለም ገና ያልለቀቀ። ውስጡ ግን ሌላ ታሪክ ነበር። ሞተሩን ከሳህኑ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቺንጋ እንደ ማስቲካ ቀልጦ ብረቱ ላይ ተለጥፏል። ግራሱ ደርቆ ሰም ሆኗል። ሳህኑን በጣት ስትገፉት እያቃሰተ ይዞርና ይቆማል። እኛማ በጨርቅ ጠራርገን ሶኬት ላይ ሰካነውና «ይሠራል» ብለን ጠበቅን። አልሠራም።

ሰው አጠያይቀን አንድ በሙያው ያረጁ ጋሼ ዘንድ ወሰድነው። ግራሱን በቤንዚን አጥበው፣ ዘይት ጠብ አድርገው፣ ሌላ ቺንጋ ፈልገው አስነሱት። ዞረ። መርፌው ሸክላው ላይ አረፈ፣ ድምፅ መጣ። ግን ከግራው ስፒከር ብቻ። ጋሼ ምንም አልተደነቁም። የክንዱን ጫፍ ነቅለው በማጉያ መነጽር አሳዩን። መርፌው ካለበት ትንሽ ራስ ጀርባ ፀጉር የሚያካክሉ አራት ሽቦዎች ወጥተዋል፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ነጭና ሰማያዊው የግራ፣ ቀይና አረንጓዴው የቀኝ ናቸው። ቀዩ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። በትንሽ ወረንጦ መልሰው ሰኩት። ቀኙ ስፒከር ነቃ።

ያኔ ነው ጥያቄው የመጣው። መርፌዋ አንዲት ናት። ሸክላው ላይ ያለው ቦይም አንድ ነው። ታዲያ ሁለት የተለያየ ድምፅ ከየት መጣ? ጋሼ አሠራሩን በደንብ አስረዱን። ማን እንዳሰበው ግን እሳቸውም ሰምተው አያውቁም ነበር። ቤት ገብተን ስንፈልግ አንድ ስም ደጋግሞ ወጣ፤ አለን ዳወር ብሉምላይን። ታሪኩን አንብበን ስንጨርስ የሸክላ ማጫወቻውን ጉዳይ ረስተነው ነበር።

(ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእኛው ሲሆን ዓ.ም. እንላለን።)

ብሉምላይን የተወለደው ጁን 29 ቀን 1903 ለንደን ውስጥ ሃምፕስቴድ በሚባለው ሰፈር ነው። አባቱ ከጀርመን መጥቶ የእንግሊዝ ዜግነት የወሰደ መሐንዲስ ነበር። እናቱ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ያገለገለ የአንድ ስኮትላንዳዊ ሚስዮናዊ ልጅ ናት። አባቱ ጀርመን የመሆኑን ነገር ያዙልን፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ስለ ልጅነቱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሰባት ዓመቱ ላይ የቤታቸውን የበር ደወል ጠገነ። ጠግኖ ዝም አላለም። ለአባቱ የሥራ ዋጋ የሚጠይቅ ደረሰኝ ጽፎ ሰጠ፣ ከስሙ ሥርም የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ብሎ ፈረመ። የሚገርመው ይኸው ልጅ ማንበብ እንዲህ በቀላሉ የሚሆንለት አልነበረም። እህቱ እንደተናገረችው 12 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በወጉ አያነብም ነበር። እሱም አድጎ ይህ ሲነሳበት አልካደም፤ ይልቅ ያኔ ማንበብ ባልችልም ብዙ የሒሳብ እኩልታ አውቅ ነበር እያለ ይቀልድ ነበር። ትምህርት ቤት ቀርፋፋ የተባላችሁ ካላችሁ ይህችን ያዟት።

ሃይጌት ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያ በስኮላርሺፕ ለንደን ወደሚገኘው ሲቲ ኤንድ ጊልድስ የምሕንድስና ኮሌጅ ገባና የሦስት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት በከፍተኛ ማዕረግ ጨረሰ።

በ1924 ሥራ የጀመረው ስልክ ላይ ነው። ወላጆቻችሁን ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል፤ የቤት ስልክ ላይ እያወራችሁ የማታውቁት ሰው ወሬ ጣልቃ ይገባ ነበር። መስመር ተደባለቀ ይባላል። ጎን ለጎን የተዘረጉ ሽቦዎች አንዱ የሌላውን ድምፅ ይሰርቃል። የወጣቱ ብሉምላይን ሥራ በረጅም የስልክ መስመሮች ላይ ይህን መሰራረቅ መቀነስ ነበር። ለእኛ ይህ በአጋጣሚ የገባበት ሥራ ብቻ ሆኖ አይታየንም። ሁለት ወሬ ጎን ለጎን እየሄደ ሳይነካካ እንዴት ይደርሳል የሚለውን ጥያቄ ለዓመታት ሲያኝክ የኖረ ሰው ነው በኋላ ሁለት ድምፅ በአንድ ቦይ ውስጥ ያስቀመጠው።

በ1929 ኮሎምቢያ ግራፎፎን የሚባል የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ቀጠረው። አለቃው ከሩሲያ የመጣው አይዛክ ሾንበርግ ነበር፤ ሰው የሚያውቅ አለቃ። ድርጅቱ አንድ የሚያንገበግብ ችግር ነበረበት። ከ1925 ጀምሮ ሸክላ በማይክሮፎንና በኤሌክትሪክ መቀረጽ ጀምሯል። መቅረጫው ግን የአሜሪካኖች ፈጠራ ነው። ስለዚህ ኮሎምቢያ ለሚሸጣት ለእያንዳንዷ ሸክላ ለአሜሪካኖቹ ይከፍላል። የብሉምላይን የመጀመሪያ ሥራ የእነሱን ፓተንት ሳይነካ አዲስ መቅረጫ መሥራት ሆነ።

መቅረጫ ማለት ሰም ላይ ቦዩን የሚቆፍረው ስለት ያለበት ራስ ነው። ችግሩ ብረት ሲመታ ይጮሃል፤ የራሱ ድምፅ አለው። ያ የራሱ ድምፅ ከዘፈኑ ጋር እንዳይቀላቀል መታፈን አለበት። አሜሪካኖቹ የሚያፍኑት በጎማ ነበር። ጎማ ደግሞ ያረጃል፣ ይደርቃል፣ ጸባዩ ይቀየራል። አሮጌ ማጫወቻ ከፍቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ የእኛም ቺንጋ ምስክር ነው። ብሉምላይንና ባልደረቦቹ ጎማውን ተዉትና በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ ጥቅልል ሽቦ ተጠቀሙ። ማፈኑንም የሚሠራው ራሱ ኤሌክትሪኩና ማግኔቱ ሆነ። ውጤቱ የጠራ ድምፅ ነው። ድርጅቱም ለአሜሪካኖቹ መክፈሉን አቆመ። በ1931 ኮሎምቢያ ከሌላው ትልቅ አሳታሚ ከግራሞፎን ካምፓኒ ጋር ተዋሕዶ ኢ.ኤም.አይ. ሲፈጠር የብሉምላይን ቦታ የተረጋገጠ ነበር። ገና 27 ዓመቱ ነው።

አሁን ወደ ሲኒማው እንሂድ።

በዚያው በ1931 አንድ ምሽት ከዶሪን ጋር ፊልም ሊያይ ገባ። ዶሪን በኋላ ያገባት ሴት ናት። ድምፅ ያለው ፊልም ገና አዲስ ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ ተዋናዩ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ድምፁ ግን ከአንድ ስፒከር ስለሚወጣ እዚያው ባለበት ተገትሮ ይቀራል። ሌላው ተመልካች ይህን አላስተዋለም ወይም ለምዶታል። ብሉምላይንን ግን በላው። ሰውየው በቀኝ ቆሞ በግራ ያወራል፤ እንደ ዓይነ ስውር የሚፈልገው ሆነ። ለዶሪን ድምፁ ሰውየውን እንዲከተል ማድረግ እንደሚችል ነገራት። እሷ በወቅቱ ነገሩ ብዙም አልገባትም ነበር።

ምን ነበር ያሰበው? እኛ ሁለት ጆሮ አለን። በስተቀኝ የሆነ ሰው ሲጠራን ድምፁ ቀኝ ጆሯችን ጋ በጥቂቱ ቀድሞና ጎላ ብሎ ይደርሳል። ልዩነቱ ከሰከንድ ሺኛ ክፍል ያነሰ ነው። አእምሯችን ግን ከዚያች ትንሽ ልዩነት አቅጣጫውን ያወጣል። እንግዲያው ድምፁን በሁለት ማይክሮፎን ብንቀበለው፣ ሁለቱን ለየብቻ ብንይዘውና በሁለት ስፒከር ብናወጣው ጆሮ ይታለላል። መሃል ላይ ምንም ስፒከር በሌለበት ቦታ ዘፋኙ ቆሞ ይሰማል። ዛሬ ይህ ለእኛ ተራ ነገር ነው። ያኔ ግን መሸጫ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ አልነበረም።

ዲሴምበር 14 ቀን 1931 የፓተንት ማመልከቻውን አስገባ። ቁጥሩ 394,325 ነው። በውስጡ 70 የተለያዩ የመብት ጥያቄዎች አሉ። ማይክሮፎኖቹ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ በፊልም ላይ እንዴት እንደሚቀረጽ፣ በሸክላ ላይ እንዴት እንደሚቀረጽ፣ እንዴት እንደሚመለስ። አንድ ሰው አንድ አዲስ ዘርፍ ከነ ሙሉ ዕቃው ጠቅልሎ ማስረከቡ ነው። በዘጠና ዲግሪ የተሻገሩ ሁለት ማይክሮፎኖች የሚቀመጡበት ዘዴ እስከ ዛሬ በቀረጻ ባለሙያዎች ዘንድ በእሱ ስም ይጠራል።

የሸክላውን ዘዴ ግን ትንሽ ቆም ብለን እንየው፤ ጋሼ በመነጽር ያሳዩን እሱን ነውና። የሸክላ ቦይ ከላይ ሲታይ ቀጭን መስመር ይመስላል። ተቆርጦ ከፊት ቢታይ ግን የ«ቪ» ፊደል ቅርጽ አለው፤ ሁለት ግድግዳ ያለው ሸለቆ በሉት። እያንዳንዱ ግድግዳ 45 ዲግሪ ያዘመመ ነው። ብሉምላይን ያሰበው አንደኛው ግድግዳ ላይ የግራውን ድምፅ፣ ሌላው ግድግዳ ላይ የቀኙን መቅረጽ ነው። መርፌዋ መሃል ትቀመጥና ሁለቱም ይገፏታል። በግድግዳዎቹ አንጻር የተቀመጡ ሁለት ጥቅልል ሽቦዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግፊት ብቻ ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ አራቱ ቀጫጭን ሽቦዎች። አለቀ።

ደስ የሚለው ነገር ሁለቱ ግድግዳዎች አንድ ዓይነት ድምፅ ሲይዙ መርፌዋ ወደ ጎን ብቻ መወዛወዟ ነው፤ ልክ በድሮው ባለ አንድ ድምፅ ሸክላ እንደምትወዛወዘው። ስለዚህ አዲሱ ማጫወቻ የድሮውን ሸክላ ያለ ችግር ያጫውታል። የተገላቢጦሹ ግን አደገኛ ነው። ለድሮ ሸክላ ብቻ የተሠራ መርፌ ወደላይና ወደታች መተጣጠፍ ስለማይችል ስቴሪዮ ሸክላ ላይ ሲያርፍ ግድግዳውን እየፋቀ ይሄዳል። የአያታችሁን ሬዲዮ ከነ ሸክላ ማጫወቻው ያገኛችሁ ልጆች፣ ስቴሪዮ የሚል የተጻፈበትን ሸክላ ከማስቀመጣችሁ በፊት መርፌዋን አሳዩ። ወድሞ የቀረ ግድግዳ በጥገና አይመለስም።

በ1933 መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን የሙከራ ሸክላዎች ሄይስ ውስጥ ባለው የድርጅቱ ግቢ ቀረጹ። የሥራ ባልደረቦቹ ክፍል ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ያወራሉ፤ ድምፁ ይከተላቸዋል። በ1934 ደግሞ ዛሬም ስሙ በሚታወቀው በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ቶማስ ቢቻም የሚመራው የለንደን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ የሞዛርትን ጁፒተር ሲምፎኒ ሲጫወት በስቴሪዮ ተቀረጸ። በ1935 ወደ መጀመሪያ ሕልሙ ማለትም ወደ ፊልም ተመልሶ አጫጭር የሙከራ ፊልሞች ሠሩ። አንደኛው የሄይስ ባቡር ጣቢያን ነው የሚያሳየው። ባቡር ይመጣል፣ ባቡር ይሄዳል። ታሪክ የለው፣ ተዋናይ የለው። ግን ባቡሩ ስክሪኑን ሲያቋርጥ ድምፁም አብሮት ያቋርጣል።

እንግዲህ ዓለም ተነስቶ አጨበጨበ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ማንም አላጨበጨበም። ድርጅቱ ፕሮጀክቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ጊዜው የዓለም ኢኮኖሚ የተንኮታኮተበት ነው። አንድ ስፒከር መግዛት ያቃተውን ሕዝብ ሁለት ስፒከርና ሁለት አምፕሊፋየር ግዛ ማለት ይከብዳል። ሸክላውም በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው፣ የሚንጫጫው፣ አንድ ገጹ ከአራት ከአምስት ደቂቃ የማያልፈው ነበር። ጥፋት ነው ብለን ድርጅቱን ለመክሰስ ይከብደናል። ግን ያማል። ስቴሪዮ ሸክላ ሰው እጅ የገባው ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ብሉምላይንን ወደ ቴሌቪዥን አዛወሩት። እሱም ሳያጉረመርም ሄደ። ሾንበርግ የሚመራው ቡድን ባለ 405 መስመር የቴሌቪዥን ሥርዓት ሠራ። ቢቢሲ ኖቬምበር 2 ቀን 1936 ከአሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ ሥርጭት ሲጀምር ሁለት ተፎካካሪ ሥርዓቶች በየተራ ይሞከሩ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ የእነ ብሉምላይን አሸንፎ ሌላው ተጣለ። ያ ዓመት ለእኛ የማይጨው ዓመት ነው። ቴሌቪዥን እኛ ዘንድ የደረሰው በ1957 ዓ.ም. ነው።

ሰውየው ምን ይመስል ነበር? አብረውት የሠሩት ሰዎች እንዳወሩት ሥራና ጨዋታ የማይለይበት ዓይነት ነበር። አንድ ሐሳብ ከያዘው እስኪገባችሁ አይለቃችሁም። አውሮፕላን ማብረር ተምሮ ፈቃድ አውጥቷል። በ1933 ዶሪንን አገባ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። በአጭር ዕድሜው በስሙ የተመዘገቡ ፓተንቶች 128 ናቸው። ብናሰላው በሥራ ዘመኑ በየሰባት ሳምንቱ ገደማ አንድ ማለት ነው። እኛ በሰባት ሳምንት ስንት ቪዲዮ እንዳየን ባንቆጥር ይሻላል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች በሌሊት ሲበሩ ከታች ያለውን አያዩም። ደመና ካለማ ጭራሽ። ስለዚህ ከአውሮፕላኑ ሥር ራዳር ተገጥሞ መሬቱን እንደ ካርታ በስክሪን ላይ እንዲያሳይ ታሰበ። ኤች ቱ ኤስ ተባለ። ከፍተኛ ምስጢር ነበር። ኢ.ኤም.አይ. ከመንግሥት የራዳር ተመራማሪዎች ጋር እንዲሠራ ተደረገና ከመሐንዲሶቹ ዋናው ብሉምላይን ሆነ።

ጁን 7 ቀን 1942 እሑድ ነው። ብሉምላይን ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ኤች ቱ ኤስ ሲሠራ ለማየት ከዴፎርድ አየር ማረፊያ በተነሳ ሃሊፋክስ አውሮፕላን ላይ ተሳፈረ። አውሮፕላኑ ውስጥ 11 ሰዎች ነበሩ። በበረራ ላይ ከቀኝ ሞተሮቹ አንዱ ተቃጠለ። እሳቱ ሊጠፋ አልቻለም፤ ወደ ክንፉ ተዛመተ። አብራሪው ማረፊያ እየፈለገ ዝቅ ሲል ክንፉ ተበልቶ አውሮፕላኑ ተገለበጠና ዌልሽ ቢክኖር በሚባል የገጠር ቦታ ወደቀ። አንድም ሰው አልተረፈም። በኋላ በተደረገው ምርመራ የእሳቱ መነሻ ሞተሩ ውስጥ በደንብ ያልጠበቀች አንዲት ዳዶ ሆና ተገኘች። ከበረራው በፊት በነበረው ፍተሻ ላይ ሳትጠብቅ ቀርታለች።

አንዲት ዳዶ። ከእጅ ሥራ ጋር የሚውል ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ይላል።

38 ዓመቱ ነበር። ዶሪን ከሁለት ትናንሽ ልጆች ጋር ቀረች። አደጋው ግን እንዲደበቅ ተደረገ። ጀርመኖች እንግሊዝ በአንድ ቀን የራዳር ባለሙያዎቿን ማጣቷን ካወቁ ምን እየተሠራ እንደነበር ይገምታሉ ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት በጋዜጣ የሚወጣው የሕይወት ታሪክ ለእሱ አልወጣም። አገሩ የጠቀመውን ሰው ሞት ለመናገር የጦርነቱን ማለቅ መጠበቅ ነበረባት፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ሰው ሁሉ የራሱን ሙታን እየቆጠረ ነበር፣ የብሉምላይን ወሬ አረጀ።

ሥራው ግን አልቆመም። አደጋው በደረሰ በስምንተኛው ወር፣ በጃኑዋሪ 1943 መጨረሻ፣ ኤች ቱ ኤስ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት ሥራ ላይ ዋለ። ከተማዋ ሃምቡርግ ናት። እዚህ ላይ ነው የአባቱን አገር ያዙልን ያልናችሁ። ሲኒማ ቤት ውስጥ ድምፁ ቦታውን ስለሳተ ሰው የተጨነቀው መሐንዲስ የመጨረሻ ሥራው አባቱ በተወለደበት አገር ከተሞች ላይ ቦምብ የሚመራ ዕቃ ነበር። ናዚን ማቆም ያስፈልግ እንደነበር አንከራከርም። ግን ታሪኩን ስናወራችሁ ይህቺን ዘልለን ማለፍ አልቻልንም።

ስቴሪዮስ? በ1957 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ድምፅ በሁለት ግድግዳ ላይ የሚቀርጽ መቅረጫ ለሕዝብ ታየ፤ 45 ዲግሪ በ45 ዲግሪ። በ1958 ትልልቆቹ አሳታሚዎች ስቴሪዮ ሸክላ ማውጣት ጀመሩ። ዓለም በአዲሱ ነገር አበደ። ሰው ሁለት ስፒከር ገዛ፣ አምፕሊፋየር ገዛ፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ያ ሁሉ ከባድ ዕቃ ያኔ ነው መሠራት የጀመረው። የብሉምላይን ፓተንት ግን በዚያን ጊዜ ዘመኑ አልፎበት ነበር። ስሙን የሚያነሳም አልነበረም።

ስሙ የተመለሰው በቁራጭ በቁራጭ ነው። በ1977 ለንደን ኢሊንግ ውስጥ ይኖርበት በነበረው ቤት ግድግዳ ላይ ሰማያዊው የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቀለ። የሕይወት ታሪኩ በወጉ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1999 ነው፤ ከሞተ ከ57 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ2015 የዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር አቢ ሮድ ስቱዲዮ ላይ ለስቴሪዮ ፈጠራው የመታሰቢያ ጽሑፍ አኖረ። በ2017 ግራሚ ሸለመው። አዎ፣ የዘፋኞቹ ግራሚ፤ በቴክኒክ ዘርፍ። ፓተንቱን ካስገባ 86ኛ ዓመቱ ላይ።

ማጫወቻችንን ከጋሼ ስንወስድ መጀመሪያ ያስቀመጥነው ሸክላ ከነ ማጫወቻው ያገኘነው የአገራችን ባለ 45 ዙር ነበር። ትንሽ ደነገጥን። ሁለቱም ስፒከር ይሠራል፣ ድምፁ ግን አንድ ቦታ መሃል ላይ ቆሟል። እንደገና ተበላሸ ብለን ልንመልሰው ስንል ጋሼ ሳቁብን። ሸክላው ራሱ ባለ አንድ ድምፅ ነው፤ ሁለቱ ግድግዳዎች አንድ ዓይነት ወሬ ነው የሚያወሩት። አሮጌ የአገር ውስጥ ሸክላ የምትሰበስቡ ልጆች ይህ ቢያጋጥማችሁ አትደንግጡ፤ ዕቃችሁን ለመፈተሽ ስቴሪዮ የሆነ ሌላ ሸክላ ተዋሱ። አንዱ ወገን በእውነት ከሞተ ደግሞ አምፕሊፋየር ከመክፈታችሁ በፊት እነዚያን አራት ሽቦዎች እዩ፣ ከኋላ የሚሰኩትን ገመዶችም ግራና ቀኝ አቀያይሩ። ዝምታው አብሮ ከተቀያየረ ችግሩ ከማጫወቻው በኩል ነው። ካልተቀያየረ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከስፒከሩ በኩል ፈልጉ።

ጋሼ ከራሳቸው መደርደሪያ አንድ ስቴሪዮ ሸክላ አወጡ። ሁለቱን ስፒከሮች አራርቀው አስቀመጡና እኛን መሃል አስቀመጡን። ከበሮው በስተግራ፣ ጊታሩ በስተቀኝ፣ ዘፋኙ ከፊታችን፤ ባዶው ግድግዳ ጋ። ከመካከላችን አንዱ ተነስቶ ግድግዳውን በእጁ ነካ።

የሄይስ ባቡሮችን ፊልም ስሙን ጽፋችሁ ብትፈልጉ ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። በስልኩ ስፒከር አትክፈቱት። ማዳመጫችሁን በትክክለኛው ጆሮ፣ ግራውን በግራ ቀኙን በቀኝ አድርጉና ባቡሩ እስኪመጣ ጠብቁ።